የማይቀላው መብራት

ተሻለች ጠዋት የራሷን ቤት በር ስትከፍት አፍንጫዋን ትይዝ ነበር። የትናንቱ ቢራ ምንጣፉ ላይ ጎምዝዞ፣ የሲጋራው ቁራጭ ከስፒከሩ ሥር ተጠራቅሞ፣ የዘፋኞቹ ምራቅ ማይኩ ላይ ደርቆ ይጠብቃታል። ማይኩን በአልኮል የምትወለውለው ፊቷን ወደ ጎን አዙራ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ከዘፈን እንጀራ የበላች ሴት የዘፈንን ዕቃ እንዲህ መጸየፏን ራሷም አትወደውም። ግን ይቀፋታል፤ ምን ታድርግ።

የተወለደችው አምባሰል ነው፣ ከግሸን ግርጌ ካሉት መንደሮች በአንዱ። በልጅነቷ ሰርግ ቤት ስትዘፍን ማይክ የሚባል ነገር በአካባቢው አልነበረም። እሷ አፏን ስትከፍት ዳሱ ዝም ይላል፤ በቃ። ዘፈን ያስተማረቻት አክስቷ ነበረች። የአምባሰልን ቅኝት ስታስተምራት «አትልቀቂው፤ ሊያመልጥሽ ሲል ያዢው» ትላት ነበር። ተሻለችም ድምፅ ማለት የሚያዝ ነገር ነው ብላ አደገች።

ኋላ ሐይቅ ከተማ ወርዳ በሰው ቤት መዝፈን ጀመረች። እዚያ የሚያዝ ድምፅ የሚፈልግ አልነበረም። ጆሮ እስኪያሳክክ የሚጮህ፣ ሞኒተር የሚሉት የመድረክ ስፒከር ከግራ እግሯ ሥር ተቀምጦላት ዓመታት ዘፈነች። አንድ ቀን በግራ ጆሮዋ ስልክ አንስታ የደወለላትን ሰው ድምፅ አጣች። ሐኪሙ «ይሄኛው አይመለስም፣ የቀረሽን ጠብቂ» አላት። ከዚያ ወዲያ መድረክ ላይ መውጣቱን ተወች። ያጠራቀመችውንም ይዛ ከታናሽ ወንድሟ ከሙላት ጋር ከአስፋልቱ ወረድ ብሎ የባህል ሙዚቃ ቤት ከፈተች። እሷ ቤቱንና ሙያተኞቹን፣ ሙላት እንግዳውንና ውጭውን ያዙ። ሙላት ሰው ይወደዋል፤ ያቅፋል፣ ይስቃል፣ ያልጋበዘውን ሁሉ «ጋብዤሃለሁ» ይላል። እሷን «እታለም» ሲላት ልቧ ይርስ ነበር።

ቤቱ ከጎረቤታቸው ከዘሀራ ቤት ጋር አንድ ግድግዳ ይጋራል። ዘሀራ በገበያው በር ቅመም የምትሸጥ፣ ረጋ ያለች ሴት ናት። ለመውሊድ ምግብ ትልክላታለች፤ ተሻለችም ለፋሲካ ለልጆቿ ዳቦ ትደፋላቸዋለች። እንዲህ ሆነው ከርመው አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዘሀራ በር ላይ ቆመች።

«ተሻለች፣ ነይና እይልኝ። በቃል ብነግርሽ የማጋንን ይመስልሻል።»

ውስጥ የሙዚቃ ባንዱ ልምምድ ላይ ነበር። ተሻለች ነጠላዋን ጣል አድርጋ ተከተለቻት። ከጋራው ግድግዳ ጋር በተጠጋች አልጋ ላይ የዘሀራ አማት እማማ ኡሙሀኒ ተኝተዋል። አምና ወድቀው ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ አይነሱም፤ ክፍሉም አልጋዋን ሌላ ቦታ ለማዞር አይበቃም። በርጩማ ላይ አንድ ብርጭቆ ውኃ ተቀምጧል። ቤዝ ጊታሩ ሲጀምር ውኃው ተንቀጠቀጠ። ድራሙ ሲመታ አሮጊቷ የዘሀራን ቀሚስ ጨምድደው ያዙ።

«ልጆቹን ከመስኮቱ አርቂያቸው! መጡ እኮ! አልሰማሽም?»

«እማ፣ ዘፈን ነው። የተሻለች ቤት ዘፈን ነው።»

«ዘፈንማ እንዲህ አይልም!»

በጦርነቱ ጊዜ ከባድ መሣሪያ መንደሩን ሲያናውጠው እማማ ኡሙሀኒ የልጅ ልጆቻቸውን ይዘው አልጋ ሥር ነው የከረሙት። ይህን ሁሉም ያውቃል። ተሻለችም ያኔ ከሰው ጋር ሸሽታ፣ ያንኑ ድምፅ ከኋላዋ እየሰማች በእግሯ ሄዳለች። አሁን ያ ድምፅ ከራሷ ቤት፣ ራሷ ከመረጠችው ስፒከር እየወጣ ነው። አንሶላው ሲርስ አየች። ዘሀራ በፍጥነት ብርድ ልብሱን ሳበችና ሸፈነችው፤ ፊቷም በእፍረት ቀላ። ተሻለች አፍንጫዋን በነጠላዋ ሸፍና ወጣች። ደግነቱ በሩ ቅርብ ነበር።

ተመልሳ ባንዱን አስቆመችው። ሙላትን ይዛ የሆነውን ነገረችው።

«አብሽሪ እታለም» አለ። «ሊሚተር አስገቡ ተብለናል አይደል? እናስገባለን። ያኔ እነሱም ዝም፣ እኛም ዝም።»

ሊሚተር የሚሉት ድምፅ ከልክ እንዳያልፍ የሚገድብ መሣሪያ ነው። ሙዚቃ ያለበት ቤት ሁሉ እንዲያስገባ ከማዘጋጃ ቤት ከተነገረ ሰንብቷል፤ ያስገባ ግን ብዙም አልነበረም። በማግስቱ ሁለቱ ወንድምና እህት፣ በቤቱ ሚክሰር የሚባለውን የድምፅ ማደባለቂያ የሚሠራውን፣ ሽታው የሚባለውን ልጅ አስከትለው ደሴ ሄዱ። የሙዚቃ ዕቃ የሚሸጠው ካሊድ ሽምብራ ቆሎ እየቆረጠመ ተቀበላቸው። የመጡበትን ሲሰማ መጀመሪያ የጠየቀው ይህን ነው።

«ለማሳያ ነው ለሥራ?»

ተሻለች በደህናው ጆሮዋ ዞረች። «ምን ማለት ነው?»

«እንዲያው ነው፤ አንዳንዱ እንዲታይለት ነው የሚፈልገው» አለ ካሊድ፣ ልብስ ሰፊ ቁመት እንደሚጠይቅ ሁሉ በተለመደ አነጋገር። «ለማሳያ ከሆነ ይቺ አለች።» ከመደርደሪያው መብራት ያላት ትንሽ ሳጥን አወረደ። «ግድግዳ ላይ ትሰቀላለች። ደህና ሲሆን አረንጓዴ፣ ከፍ ሲል ቢጫ፣ ሲጮህ ቀይ።»

«ከቀላ በኋላስ?»

«ከቀላማ ቀላ ነው። ሌላ ምንም አታደርግም።»

«ይቺ ትበቃናለች!» አለ ሙላት እየሳቀ። ሽታውም ሳቀ። ተሻለች ሁለቱንም አየቻቸው፤ ሳቃቸው ከአፋቸው እንደሚወርድ ለሀጭ ሆኖ ታያት።

«ሌላውን አሳየኝ።»

ሁለተኛው ከሚክሰሩና ድምፁን ከሚያጎላው አምፕሊፋየር መካከል የሚገባ ነው። በሚክሰሩ የሚያልፈውን ድምፅ ሁሉ ጨብጦ ይይዛል። ተሻለች «ድራሙስ?» አለች፤ «የእኛ ቤት ድራም ያለ ማይክ ነው የሚመታው፣ ቤዝ ጊታሩም የራሱ አምፕሊፋየር አለው።» ካሊድ ራሱን ነቀነቀ። «እነሱን አይዝም። ዘፋኟን ብቻ ነው የሚያፍንልሽ።» አሮጊቷን የሚያንቀጠቅጣቸው ደግሞ ድራሙና ቤዙ ነው። ተወችው።

ሦስተኛው እንደ መጀመሪያዋ ሦስት መብራትና የራሱ ማይክ አለው። ማይኩ ጣራ ላይ ይሰቀልና ክፍሉን እንዳለ ያዳምጣል። ድምፁ ከልኩ ሲያልፍ ቀይ መብራት አብርቶ ያስጠነቅቃል፤ የሚክሰሩንም ድምፅ ቀስ እያለ ያወርዳል። አልሰማ ካሉት የመድረኩን ኤሌክትሪክ ይቆርጣል።

ሽታው ብድግ አለ። «እትዬ፣ ይሄ አይሆንም! ድንገት ሲቆረጥ ስፒከር ይበላሻል። ሰው ፊትም ያዋርደናል!»

«ቀይ አይቶ ዝቅ ለሚያደርግ ሰው መቁረጥ ላይ አይደርስም» አለ ካሊድ። «ላይኖር ይችላላ፣ እንዲህ ያለ ሰው።»

«ይሄን ነው የምንወስደው» አለች ተሻለች።

ሙላት ፊቱ ጠቆር ብሎ ነበር። መኪና ውስጥ ግን ትከሻዋን አቀፈና «እሺ እታለም፣ አንቺ ያልሽው ይሁን» ብሎ ጉንጯን ሳማት። እሷም ደስ ብሏት በመስኮቱ እያየች ተመለሰች።

ካሊድ የላከው ባለሙያ መጥቶ ሳጥኑን ከመድረኩ ጎን፣ ማይኩን ከጣራው መሀል ሰቀለ። ልኩን ያወጡት በዘሀራ ቤት ነው። ባንዱ ከፍ አድርጎ ጀመረ፤ ዘሀራ በግድግዳው ማዶ ብርጭቆውን እያየች በስልክ «አሁንም ይንቀጠቀጣል... አሁንም... አሁን ደህና፣ አልሐምዱሊላህ» አለች። ባለሙያውም እዚያው ላይ ቆለፈውና ቁልፉን ለተሻለች ሰጣት። ዘፋኟ ሰላማዊት «ይሄማ ለቅሶ ቤት ሆነ» ብላ አኮረፈች። ተሻለች ግን የዚያን ዕለት ክራሩን ክር በክር ሰማችው፤ በራሷ ቤት እንዲህ ሲሰማት የመጀመሪያዋ ነበር።

ጥቂት ሳምንት እንዲህ ሄደ። ከዚያ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ደረቷ ውስጥ የሚገባ ነገር ተሰማት። ወደ ሳጥኑ አየች። አረንጓዴ ነው።

«ሽታው፣ ከፍ አላለም?»

«አረንጓዴ ነው እኮ እትዬ።»

ሙላትን ጠየቀችው። እሱ እጁን ትከሻዋ ላይ አሳረፈ። «ጆሮሽ ነው እታለም። ሐኪሙ ነግሮሽ የለ? ባንድ ጆሮ የሚሰማ ሰው ሁሉም ነገር ይጮህበታል። ደግሞ ያ መብራት ለማን ብሎ ይዋሻል?»

ሰላማዊትን ጠየቀች፣ «ጆሮሽ ይሆናል» አለቻት። ድራመሩን ጠየቀች፣ እሱም «ጆሮሽ ነው» አለ። ተሻለች ራሷን ተጠራጠረች። የቀረኝም ሊሄድ ነው ብላ ፈራች። አንዳንዴ እንግዳው መሀል ሆና መዳፏን በድብቅ ግድግዳው ላይ ትለጥፋለች፤ ግድግዳው ይርገበገባል። እጄም እንደ ጆሮዬ ሊሆን ነው መሰል እያለች መልሳ ነጠላዋ ውስጥ ትከተዋለች። መብራቱ አረንጓዴ ነው። ሁልጊዜ አረንጓዴ።

ዘሀራ ሰላምታ ከለከለቻት። መጀመሪያ ተሻለች አላየችኝም ብላ አለፈች፤ ሁለተኛ ቀን ግን ገበያው በር፣ ቅመሟ ፊት ሄዳ ቆመች።

«ዘሀራ፣ ምን በደልኩሽ?»

ዘሀራ በርበሬውን መስፈሯን አላቆመችም። «ምንም። መብራት ሰቀልሽልን። እናመሰግናለን።»

«እማማ ኡሙሀኒስ?»

«አልጋቸውን ትተዋል። ከአልጋው ሥር አስገቡኝ ስላሉ፣ መሬት አንጥፈንላቸው እዚያ ናቸው። ካልሆነ ይጮኻሉ።» ከዚያ ቀና አለች። «ወላሂ፣ እንደ ድሮው ብትቀጥዪ ይሻለኝ ነበር። አንቺ እኛ ቤት ገብተሽ ብርጭቆውን አየሽ፤ አየሁ ብለሽ አሞኘሽን። ይሄ ነው የከበደኝ።»

ተሻለች ከዚያው ዞረች። ወደ ቤቷ ስትሄድ እግሯ ይፈጥን ነበር። የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ የመልስ ድግስ ስለነበረባቸው ወንበሩ ሁሉ ተደርድሯል፣ ሰው ግን ገና አልመጣም። መሰላሉን ከጓሮ አምጥታ ከመድረኩ ፊት አቆመችና ወጣች።

ከሩቅ ጥቁር ኳስ የሚመስለው ማይኩ አልነበረም። የወንድ ካልሲ ነው፤ ወፍራም፣ ተረከዙ የሳሳ፣ ላብ ያገረጣው ካልሲ። ውስጡ ጥጥ ተጠቅጥቆ፣ አፉ በፕላስተር ተጠምጥሟል። ፕላስተሩን በጥፍሯ ቀዳ ሳበችው። ያልታጠበ እግርና የሻገተ ጥጥ አንድ ላይ ሸተታት። መሰላሉ ላይ እንዳለች ፊቷን ወደ ጎን አዙራ ካልሲውን ከማይኩ አወለቀች። ስትወርድ የሚክሰሩ ልጅ ሽታው ገመድ ተሸክሞ በሩ ላይ ደርቋል።

«ማነው?» አለችው።

ሽታው የድራሙ ወንበር ላይ ዘጭ አለ። «እትዬ፣ እኔ የታዘዝኩትን ነው። ጋሽ ሙላት ናቸው። ካልሲውም የእሳቸው ነው።»

«ሌላ ማን ያውቃል?»

«ሁሉም። ሊቆጣጠር የመጣው ሰውዬም ያውቃል። ቀና ብሎ አየውና ‹ብርድ እንዳይመታው ነው?› ብሎ ሳቀ። ከዚያ ጋሽ ሙላት ዓሣ ጋበዙት።»

«እኔ ከፍ አለ ብዬ ስጠይቅስ?»

ሽታው የያዘውን ገመድ ይፈታ ጀመር።

«ንገረኝ!»

«‹ጆሮሽ ነው በሏት፣ ታምናለች› ብለውን ነው።»

ተሻለች የሞተ አይጥ እንደያዘ ሰው ካልሲውን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ እንደቆመች፣ ያ ሁሉ «እታለም»፣ ያ ሁሉ ትከሻ መያዝ፣ ያ መኪና ውስጥ የሳማት አፍ አንድ በአንድ እየመጣ ፊቷ ላይ የተደፋ መሰላት። ጉንጯን በነጠላዋ ጠረገች።

ባለመልሶቹ መጡ። ሙላት ከሙሽራይቱ አባት ጎን ተቀምጦ ጥብስ እየቆረሰ ሲያጎርስ፣ ሲያሳስቅ፣ ተሻለች ሰዉን አልፋ ሄደችና ካልሲውን ከትሪው አጠገብ አስቀመጠችው።

«ካልሲህ ጠፍቶህ ነበር፣ አገኘሁልህ።»

ሙላት ካልሲውን ከጠረጴዛው ሥር ሊከት ሲሞክር እጁ ላይ የነበረው ቅባት ነካው። «አብደሻል? ሰው ፊት!» አለ ጥርሱን ነክሶ።

መድረኩ ላይ ያሉት ይህን አላዩም። ኪቦርዱ ገባ፣ ድራሙ ገባ፣ ሰላማዊት ማይኩን ልትውጠው ደርሳ እንደ ልማዷ ድምፅዋን ለቀቀችው። ሳጥኑ ቢጫ ሆነ። ከዚያ ቀላ። ሽታው እጁ ሚክሰሩ ላይ ነበር፤ ተሻለችን አየ፣ ሙላትን አየ፣ ምንም ሳያደርግ ቀረ። የመድረኩ መብራት ጠፋ። ሰላማዊት አፏን እንደከፈተች ድምፅ አልባ ሆነች። ድራመሩ ሁለት ጊዜ መትቶ በራሱ ጩኸት ደንግጦ አቆመ።

«ምንድነው ነገሩ?» አሉ የሙሽራይቱ አባት።

«አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች ተሻለች። «ከዚህ ግድግዳ ማዶ አንዲት እናት አሉ። የእኛ ድራም ከባድ መሣሪያ እየመሰላቸው አልጋ ሥር ነው የሚውሉት። ይሄ ድምፅ መገደቢያ ለእሳቸው ተብሎ የገባ ነው፤ ወንድሜ በካልሲ አፍኖት ከረመ። ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ቤት የሚዘፈነው ዝቅ ብሎ ነው። ከወደዳችሁ እናንተን ደስ እያለኝ አስተናግዳለሁ።»

ሽማግሌው በእጃቸው የያዙትን ጉርሻ መልሰው ትሪው ላይ አኖሩት። «እኛም አልጋ ሥር ከርመናል» አሉ ቀስ ብለው። ከኋላ ያሉት ወጣቶች ግን «ለጭፈራ ነው የመጣነው!» ብለው ወንበር ገፉ። ሙላት ተነሣና አጨበጨበ። «ኑ ልጆች፣ ሌላ ቤት አለ!» ብሎ የራሱን ቤት እንግዳ ከፊት ሆኖ አወጣው፤ ባጃጅም ራሱ ጠራ። ዘፋኟ ጫማዋን በእጇ ይዛ ተከተለችው። ሽታው ገመዱን መጠቅለል ጀመረ። ከቀሩት አዛውንቶች ጋር አንድ ማሲንቆ መቺ ብቻ ቀረ፤ እሱም የቀረው ሥጋው ስላላለቀለት መሆኑን አልደበቀም።

ሙላት ስፒከሮቹን ጭኖ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ዳር ሌላ ቤት ከፈተ። ሰው ይጎርፋል። እዚያም ግድግዳው ላይ እንደ ካሊድ የማሳያዋ ያለች፣ መብራት ያላት ትንሽ ሳጥን ተሰቅላለች አሉ። የተሻለች ቤት ከወንበሩ ግማሹ ባዶ ነው። ክራርና ማሲንቆ፣ አልፎ አልፎ የሰርግ ሽማግሌዎች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ዝም ብለው መጠጣት የሚወዱ መምህራን ይመጣሉ። አስተናጋጆቿን መቀነስ ግድ ሆኖባታል። ዘሀራ በሳምንቱ መጥታ በሩ ላይ ቆመችና «ሰምተናል» ብላ ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ ሰላምታ አለ፣ እንደ ድሮው ግን አይደለም። እማማ ኡሙሀኒ ወደ አልጋቸው ተመልሰዋል። ነጎድጓድ በመጣ ቁጥር ግን አሁንም ልጆቹን ይጠራሉ፤ ለዚያ የሚሆን መሣሪያ የለም።

መስከረም ላይ ተሻለች ለግሸን ማርያም አገሯ ወጣች። እናቷ ቤት ስትደርስ ሙላት ቀድሞ መጥቷል፤ ጎረቤቱን ሰብስቦ ያስቃል። ሲያያት ምንም እንዳልተፈጠረ ብድግ ብሎ «እታለም!» አለ። እናታቸው በመሀላቸው ምን እንደገባ አያውቁም፤ ልጆቻቸውን ጎን ለጎን አስቀምጠው ማዕድ አቀረቡ።

ሙላት በወጥ ያራሰውን ጉርሻ ጠቅልሎ ወደ አፏ አመጣው። እናቷ እየሳቁ ያያሉ። ተሻለች እጁን አየች፣ ጣቶቹን አየች፤ ከዚያ የእናቷን ፊት አየችና አፏን ከፈተች። አላላመጠችውም። ጎርሳ እንደያዘች ውኃ ላምጣ የሚል ምልክት በእጇ ሰጥታ ወጣች፤ ከቤቱ ጀርባ፣ ከቁልቋሉ አጥር ሥር ተፋችው። አፏን ሁለት ጊዜ ተጉመጠመጠችና፣ ፊቷን አስተካክላ፣ ጆጉን ሞልታ ወደ ማዕዱ ተመለሰች።